«ሌስተር፣ በቃ»

ሴት በቢላ ስትወጋ አይታችሁ ስቃችሁ ታውቃላችሁ? ፊልም ነው፣ ደሙም ቀለም የገባበት ሽሮፕ ነው ብላችሁ እንዳታመልጡ። ኖሪን ኮቫልቺክ ይህን መልስ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰምታዋለች።

ፊልሙ የተሠራው ፔንሲልቬንያ ውስጥ በአንድ የተዘጋ ፋብሪካ፣ በአሥራ አንድ ቀን፣ በውሰት ካሜራ ነው። ጭምብል ያጠለቀ ገዳይ ሰባት ወጣቶችን ይጨርሳል፤ ኖሪን የተጫወተችው አራተኛዋን ሟች ነው። ተቺዎች ተሳለቁበት። ወዳጆቹ የወደዱት ግን ለዚያው ነው፤ ሬሳው ይተነፍሳል፣ የመብራቱ ገመድ ይታያል፣ ማንም ምስኪን ሊሠራው የሚችል ይመስላል። በየጥቅምቱ ፋብሪካው ያለበትን ከተማ አሮጌ ሲኒማ ቤት ሞልተው ንግግሩን በቃላቸው ይወጡታል።

ቢላዎቹ ሁለት መንትዮች ነበሩ። ደነዙ መያዣው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ ስለታሙ በቅርብ ለሚነሳ ምስል በሰው ገላ ፈንታ ሐብሐብ የሚወጋበት ነው። ሦስተኛው ቀረጻ ላይ ሽሮፑ ፕላስተሩን ሸፈነው፤ ገዳዩን የሚጫወተው ልጅም ስለታሙን አነሳ። ቢላው ግራ እጇን ሲቆርጣት ኖሪን «ሌስተር፣ በቃ!» ብላ ጮኸች። ፊልሙ ውስጥ ሌስተር የሚባል ሰው የለም። ሌስተር ግሮፍ አዘጋጁ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የግራ እጇ ሦስት ጣቶች አልታጠፉም፤ የአባቷንም አኮርዲዮን ዳግመኛ አልነካችም።

ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሲኒማ ቤቱ መጣች። ጩኸቷ ሲደርስ ሦስት መቶ ሰው ብድግ ብሎ «ሌስተር፣ በቃ!» አለና በሳቅ ፈረሰ። አጠገቧ የተቀመጠው ዱዋይት የሚባል ወፍራም ሰው ቃሉን ካናቴራው ላይ አሳትሞታል።

«እትዬ ኖሪን፣ ይቺን ስህተትሽን እኮ ነው የምንወድልሽ» አላት።

«የቱን ስህተት?»

«እየሞትሽ የአዘጋጁን ስም መጥራት ነዋ! ከዚህ በላይ ምን ያስቃል?»

እጇን ዘረጋችለት። «እስቲ ይህን እየው።»

«ውይ፣ ሜካፑ እስካሁን አልለቀቀም?» አለና ጠባሳውን ነካው። ከዚያ ዓይኑ እያበራ፣ «እውነት ነበር ማለት ነው? እንግዲህ ከዚህ በኋላማ ይበልጥ ነው የምወደው።»

ኖሪንን ከማንም ሳቅ ይልቅ ይህ ሰበራት። እውነቷም ለእነሱ ተጨማሪ ጣዕም ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ ሌስተር የተመልካቾችን ጥያቄ ሊመልስ መድረክ ላይ ወጣ። ስለ ጩኸቱ ሲጠይቁት፣ «ጀማሪ ነበረች፤ ደንግጣ ስሜን ጠራች። ስህተቱን ወደድኩትና ተውኩት» አለ።

ኖሪን ሄዳ ማይክሮፎኑን ተቀበለች። «ስህተት አልነበረም። አንተኑ ነው የጠራሁት።»

አዳራሹ የትርኢቱ ክፍል መስሎት ሳቀ። እስኪያበቃ ጠበቀች።

«ከጮኽኩ በኋላ ካሜራው ወደ ፊቴ ይጠጋል። ይህ ሁሉ ሰው መቶ ጊዜ አይቶታል። ካሜራውን የያዝከው አንተ ነህ። እየሰማኸኝ ለምን ተጠጋህ? ቤትህ ገብተህ አይደለም፤ እዚሁ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት መልስልኝ።»