የእፀገነት ዝገት

«አባዬ! መስታወቷን ምን አደረግካት?»

አቶ ይገዙ የድስት ሽቦውን እንደያዙ ቀና አሉ። ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው ግቢያቸው በጠዋት ፀሐይ ተሞልቷል። በግራ እጃቸው የያዟት፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ መስታወት ጥርት ብላለች።

«ዝገት ይዟት ነበር፤ ፈተግኩልሽ» አሉ ፈገግ ብለው። «እንዴት እንዳማረባት እያት።»

እፀገነት በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። አባቷ አየር ጤና ሰፈር ሠላሳ ዓመት የብረት በርና መስኮት ሲበይዱና ቀለም ሲቀቡ ከዝገት ጋር እንደተጣሉ ኖረዋል። እሷ ደግሞ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተመላለሰችው ያንኑ ዝገት መስታወት ላይ ለመቀባት ነው፤ በዓይን እስከማይታይ አድቅቃ፣ በስሱ ቀብታ፣ ምድጃ ውስጥ ጠብሳ። ውሃ ውስጥ ነክረው ፀሐይ ሲያስመቱት ውሃውን ይከፋፍለዋል፤ በሽቦ ተያይዞ አብሮት ከሚነከረው የብረት ዘንግ ላይም ሃይድሮጅን የሚባለው ነዳጅ አረፋ እየሆነ ይወጣል። ከቀባቻቸው ስምንት መስታወቶች ሰባቱ ውሃ ሲነካቸው ተላጡ። የተረፈችው ይህችው ነበረች። ነገ ፈታኞች ፊት ከማቅረቧ በፊት በእውነተኛ ፀሐይ ልትሞክራት ነበር ወደ ቤት ያመጣቻት።

«ዝገቱን እኮ እኔ ነኝ የቀባሁት፣ አባዬ።»

«ዝገት ቀባሽ? ሆን ብለሽ?»

«አዎ። ትምህርቴ እሱ ነው።»

አቶ ይገዙ ሽቦውን ጣሉት። «ምነው እጄን በቆረጠው! መምህርሽ ጋ እሄዳለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው እላቸዋለሁ፤ እንደፈለጉ ይቅጡኝ።»

እንባዋ ሊመጣ ሲል ሳቅ ቀደማት። ተነስታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስለ ትምህርቷ ጠይቀዋት አያውቁም፤ እሷም ነግራቸው አታውቅም። አሁን ግን ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው።

«ስትቀቢው መስታወቱን ታሞቂዋለሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«የለም፤ ከቀባሁት በኋላ ነው ምድጃ የማስገባው።»

«ቀዝቃዛ ነገር ላይ ቀለም መች ይይዛል? ይላጣላ!»

እፀገነት አፍጥጣ አየቻቸው። ትክክል ይሁኑ አይሁኑ አታውቅም። ሞክራው ግን አታውቅም። ስልኳን አወጣችና መምህሯ ጋ ደወለች።

«ዶክተር፣ መስታወቷ ተበላሽታብኛለች። ፈተናውን በሁለት ሳምንት ያራዝሙልኝ።»

«ምን ሆነች?»

«ስንገናኝ እነግርዎታለሁ። ሰኞ ላቦራቶሪ አንድ ሰው ይዤ ብገባ ይፈቅዱልኛል?»

«ማንን?»

አባቷን አየቻቸው። አንገታቸውን እንደደፉ ነበር።

«የቀለም ባለሙያ ናቸው» አለች።