ፀጉራሙ አጎዛ

ልጄ ሊኮን ወደ መርከቡ ሲወርድ መቅዘፊያውን በትከሻው፣ የሚቀመጥበትን አጎዛ በብብቱ ይዞ ነበር። አጎዛውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ፋርሶች ሲመጡ ከአቴና ወደ ሳላሚስ ስንሸሽ ይዤ ከወጣሁት ጥቂት ዕቃ አንዱ የጠቦት ቆዳ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንጨት ላይ ተቀምጦ እንዳይጎዳብኝ ብዬ ፀጉሩን ሳልሸልት ወፍራም አድርጌ ሰፋሁት። ጥጉ ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በቀይ ክር ጠለፍኩበት። ፊደሉን አሸዋ ላይ እየጻፈ ያስተማረኝ ራሱ ነው።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ አልጋ ነው!" አለኝ እየሳቀ።

"ዝም ብለህ ተቀመጥበት።"

ፀሐይ ስትወጣ መርከቦቻችን እየዘመሩ ወደ ጠባቡ ባሕር ገቡ። እኔና ጎረቤቴ ሚርቶ ኮረብታው ላይ ቆመን አየን። የፋርስ መርከቦች ብዛት ያስፈራ ነበር፤ ግን ቦታው ጠበባቸውና እርስ በርስ ይጋጩ ጀመር። የእኛዎቹ ጎናቸውን እየወጉ ሰበሯቸው። ከሰዓት በኋላ የቀሩት ሸሹ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን የሊኮንን መርከብ ከዓይኔ አጥቼው ነበር።

ወደ ባሕሩ ዳር ሮጥኩ። ማዕበሉ የተሰበረ እንጨት፣ ገመድና መቅዘፊያ ያመጣል። ከመሃላቸው አንድ አጎዛ አየሁ። አነሳሁት። ጥጉ ላይ ቀዩ ፊደል አለ።

አጎዛውን እንደያዝኩ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ።

ሚርቶ ደርሳ ከእጄ ወሰደችው። ሟቹ ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ቀዛፊ ነበር። ጨመቀችው፣ ፀጉሩን ዳበሰችው።

"አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ላይ ነው ቅዘፍ ያልሽው?"

"እንዳይጎዳ ብዬ ነው..."

"ቀዛፊ እኮ በእግሩ እየገፋ ወደፊት ወደኋላ መንሸራተት አለበት! የኔ ሰውዬ በተላጨ ቆዳ ላይ ስብ ቀብቶ ነበር የሚቀመጠው። በዚህ ላይ ማንም አይቀዝፍም። ተነሺ፣ መርከቦቹ ወደሚቆሙበት እንሂድ።"

እየጎተተች ወሰደችኝ። አጎዛውን ደረቴ ላይ ይዤ እያንዳንዱን መርከብ፣ የሚወርደውን ሰው ሁሉ አየሁ። አራተኛው መርከብ አሸዋውን ሲነካ ሊኮን ዘሎ ወረደ። መዳፉ ተልጦ ደም ይዞታል። አጎዛውን ሲያይ ደነገጠ።

"እማዬ፣ አትቆጪ፤ እኔው ነኝ የወረወርኩት።"

"ወረወርከው?"

"ተጣብቄ ቀረሁ! ከኋላዬ ያለው ሽማግሌ 'አንተ፣ ልትቀዝፍ ነው የመጣኸው ወይስ ልትተኛ?' እያለ በጉልበቱ ደበደበኝ። የሱን አሮጌ ቆዳ ለሁለት ቀዶ ግማሹን ሰጠኝ።"

ልጄን አቅፌው አለቀስኩ። ሚርቶ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ።

"ፋርሶቹ አቴና ያለውን ቤታችንን አቃጥለውታል አሉ" አልኩት በኋላ።

"እንሠራዋለን። መርከቦቻቸው እንዴት እንደሸሹ አላየሽም?"

ከሚርቶ መቀስና የስብ ማሰሮ ተዋስኩ። ሊኮን የገብስ ቂጣውን ሲበላ አጠገቡ ተቀምጬ የአጎዛውን ፀጉር እስከ ሥሩ ሸለትኩት። ፊደሉን ብቻ አልነካሁም። ከዚያ የስቡን ማሰሮ አቀረብኩ።

"ምን ያህል ልቀባው? አሁን አንተ አሳየኝ።"