አህያዋ የወደደችው ዕቅድ

ጌታሰውና ሰገነት ሰቆጣ ላይ የኪነ ጥበብና ባህል አማካሪ ድርጅት ከከፈቱ ከወር በኋላ የመጀመሪያው ደንበኛ ከደሃና መጡ፤ አቶ ወልደ ሐዋርያት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

«አህያዬ ካልዘፈንኩላት አትሄድም» አሉ በሰለለ ድምፅ። «ዛሬ ደግሞ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

በድምፁ የሚመካው ጌታሰው ደጅ ወጥቶ ዘፈነላት። አህያዋ ጆሮዋን ጥላ ወደ ኋላ ሸሸች። ጌታሰው ተቀየመ።

ዘፈን የማታውቀው ሰገነት ግን የድርጅቱን ዓመታዊ ዕቅድ በዜማ ታነብላት ጀመር። አህያዋ ወዲያው መንገድ ገባች። ጌታሰውም ሳይወድ በግድ ተቀባይ ሆኖ ተከተለ።

ከከተማው እንደወጡ ዕቅዱ አለቀ፤ አህያዋም ቆመች።

«የአምስት ዓመት ዕቅድ የላችሁም እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

ጌታሰው ብዕሩን አውጥቶ እዚያው ቆሞ መጻፍ ጀመረ፤ ሰገነትም በትከሻው ላይ አሻግራ እያየች ታዜም ጀመር።