ሃያ ስድስተኛው ጥይት

የሎርና ስኮግስታድ ሽጉጥ በሃያ ስድስተኛው ጥይት ላይ ነከሰ። ተፈናጥሮ መውጣት የነበረበት ባዶ ቀለህ መውጫው ላይ ቀጥ ብሎ ተሰነቀረ። ቃታው አልሳብ አለ፤ ሰዓቱ ግን መቁጠሩን ቀጠለ። ቀለሁን በጥፍሯ ነቅላ እስክትጥል ስድስት ሰከንድ ሄደ። በዚህ ፈተና ስድስት ሰከንድ ማለት አራት ያልተተኮሰ ጥይት ነው፤ አራት ያልተተኮሰ ጥይት ደግሞ መውደቅ ነው።

«አንጓሽ ነው» አለ ጌለን ራደማኸር፣ የጆሮ መሸፈኛውን ወደ አንገቱ እያወረደ። «ስንቴ ልንገርሽ? የእጅሽ አንጓ ሲላላ መሣሪያው መደገፊያ ያጣል።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሲተኩስ የኖረ እጅ ነው። መሣሪያ በቀየራችሁልን ወር ነው እንዴ የላላው?»

«ዕድሜ ነዋ። እኔስ ጉልበቴ ከድቶኝ የለ? ማንን ልክሰስ?»

ጌለን የኩባንያው ተኩስ ፈታኝ ነው። ኩባንያው ከቢሊንግስ ከተማ ተነስቶ በየትንንሹ ከተማ ላሉ ባንኮች ገንዘብ ያደርሳል፤ ሎርና ጥይት በማይበሳው መኪና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ታጥቃ የምትቀመጠዋ ናት። ጠባቂ ሁሉ በዓመት ሁለቴ ሃምሳ ጥይት ተኩሶ ይፈተናል። የወደቀ በዚያው ዕለት አንድ ጊዜ ይደግማል። ሁለተኛ ከወደቀ የመታጠቅ ፈቃዱም የመኪናው ወንበሩም ይሄዳሉ። ሎርና ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ ሴት አስታጥቆ የሚቀጥር ሌላ ኩባንያ በከተማው እንደሌለ ታውቃለች፤ ጠይቃለች።

ጌለን ሽጉጧን ተቀበላት። ከሸሚዙ ኪስ ስድስት ጥይት አውጥቶ ሞላና ዒላማው ላይ ለቀቃቸው። አንዱም አልነከሰም።

«አየሽ?» ብሎ መለሰላት።

በዚህ አገር ልማዱ ይሄ ነው። አንድ ሰው መሣሪያዬ አስቸገረኝ ሲል አጠገቡ የቆመው «እስቲ አምጣው» ይላል፣ ስድስት ይተኩሳል፣ ፍርድ ይሰጣል። የተቸገረችው ሴት ከሆነች ሦስትም ይበቃል።

ፋብሪካውም የሠራው ይህንኑ ነው። ሎርና ከዚያው ግዢ የተረፈ ሌላ ሽጉጥ እየታጠቀች የራሷን ሁለት ጊዜ ልካለች። ሁለቱንም ጊዜ ስድስት ስድስት ሳምንት ቆይቶ አንድ ዓይነት ብጣሽ ወረቀት ይዞ ተመለሰ፦ «በአሥር ጥይት ተፈትኗል። እንከን አልተገኘበትም። አጥብቀው እንዲይዙ እንመክራለን።» በሁለተኛው ጊዜ ማንም ሳይጠይቃቸው ወልውለውት፣ የፋብሪካው አርማ ያለበት ኮፍያ ጨምረውበት ነበር።

እሷ ግን ስትለማመድ በነከሰ ቁጥር ስንተኛው ጥይት ላይ እንደሆነ በማስታወሻዋ ትጽፋለች። መጋቢት ላይ አርባ ሦስተኛው። ሰኔ ላይ ሠላሳ ስምንተኛው። ነሐሴ ላይ ሠላሳ አንደኛው። በመጀመሪያዎቹ አሥር ጥይቶች ነክሶ አያውቅም።

ድጋሚው ፈተና አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ገና ስምንት ሰዓት ስለሆነ የጌለን ቢሮ ገብታ ወደ ፋብሪካው የጥገና ክፍል ደወለች። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሙዚቃ አስደመጧት።

«ትሬቪን እባላለሁ። ምን ልርዳዎት?»

«ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። የመዝገቡን ቁጥር ልስጥህ?»

«እባክዎ እመቤቴ።»

ሰጠችው። ሲጽፍ ተሰማት።

«ሁለቴም ተፈትኖ ጤነኛ ተብሏል።»

«በአሥር ጥይት። የሚነክሰው ግን ብዙ ተተኩሶ ሲግል ነው። በሁለቱም ደብዳቤዬ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«አዎ፣ እያየሁት ነው። እዚህ ተያይዟል።»

«እና?»

«ደብዳቤው እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው። ፈታኞቹ ጋ አይደርስም።»

ሎርና ዓይኗን ጨፈነች። «ለምንድነው ሃምሳ የማይተኩሱት?»

«ወረቀታቸው ላይ አሥር ተብሎ ታትሟል እመቤቴ። አሥራ አንደኛውን የሚተኩስ ሰው ምክንያቱን መጻፍ አለበት።»

«ይጻፍ።»

«መጻፊያ ቦታ የለውም።»

«ስንት ዓመትህ ነው የኔ ልጅ?»

«ሃያ ሦስት።»

«ሌላ ሥራ ፈልግ።»

«እየፈለግኩ ነው» አለ ትሬቪን። ድምፁም ደከም ያለ ነበር። «እስከዚያው መላኪያ ሣጥን ልላክልዎት?»

«ላክ» አለችና ዘጋችው።

ጌለን ሳንድዊቹን እያላመጠ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ምን አሉሽ?»

«አንተ ያልከውን። እነሱ እመቤቴ እያሉ ነው እንጂ።»

«ነግሬሽ ነበር።»

«አንድ ነገር አድርግልኝ» አለች። «ፈተናውን በኔ መሣሪያ አንተ ተኩስልኝ። ሃምሳውንም።»

«ስድስት ተኩሼልሻለሁ እኮ።»

«ሃምሳውን፣ ጌለን። ከኔ ሳጥን፣ የኔን ጥይት።»

እምቢ ቢል ምክንያት መስጠት ሊኖርበት ነው፤ ምክንያት መስጠት ደግሞ ከመተኮስ ይበልጥ ያደክማል። የቀረውን ሳንድዊች ጎርሶ ወጣ። ሎርና ከኋላው ቆማ ቆጠረች። ጌለን ጎበዝ ተኳሽ ነው፤ እጁ እንደ ግንድ ነው። ሃያ አራተኛው ላይ ነከሰበት። ቀለሁን አራግፎ ቀጠለ። ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ነከሰበት። ሠላሳ አምስተኛው ላይ ደግሞ ነከሰበት። እዚያ ላይ አቁሞ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና የገዛ እጁን አገላብጦ አየ።

«ከትናንት ወዲያ እንጨት ስፈልጥ ነው የዋልኩት» አለ።

ሎርና አልሳቀችም።

ቢሮ ተመለሱ። ጌለን ቅጹን ከመሳቢያ አወጣና በመካከላቸው አስቀመጠው። የመክሸፉ ምክንያት በሚለው ሥር ሦስት ሳጥኖች አሉ፦ ተኳሹ፣ ጥይቱ፣ መሣሪያው። «መሣሪያው» ላይ ምልክት ከተደረገ ተፈታኙ ወደቀ አይባልም። ያ ሽጉጥና አብረውት የተገዙት ሁሉ ግን ፋብሪካው መልስ እስኪሰጥ ከወገብ ይፈታሉ። ኩባንያው ለጠባቂዎቹ ሁሉ ሃያ ሁለት ሽጉጥ በአንድ ጊዜ የገዛው በየካቲት ነው። ትጥቁን የፈታ ጠባቂ ወንበሩ ሠላሳ ቀን ይጠበቅለታል። ፋብሪካው ደግሞ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል።

ጌለን ይህን ሁሉ ያውቃል። ከወገቡ የራሱን አሮጌ ሽጉጥ አውጥቶ ባዶ መሆኑን አሳያትና ገፋ አደረገላት።

«በዚህ ተፈተኚ። ቅጹ ላይ ያንቺን ቁጥር እጽፋለሁ። ሰኞ መኪናሽ ላይ ነሽ።»

«ሰኞ የምታጠቀው የትኛውን ነው?»

«የራስሽን ነዋ። ወረቀቱ ላይ ያለው እሱ አይደል?»

«ቢነክስስ?»

«ስሚኝ። ባንክ ደጃፍ ላይ ከስድስት ጥይት በላይ የተኮሰ ጠባቂ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ስድስት ላይ ወይ ነገሩ አልቋል ወይ አንቺ አልቀሻል። መሣሪያሽ እስከ ሃያው ድረስ እንከን የለውም። ከዚያ በላይ ምን ታደርጊበታለሽ?»

ውሸት አልነበረም። ለደከመ ሰው ደግሞ የዚህን ያህል እውነት ከበቂ በላይ ነው። ሎርና ሽጉጡን አነሳችው። መያዣው ከብዙ ዓመት አጠቃቀም ለስልሷል፤ ሃምሳውንም እንደሚያወጣላት ታውቃለች። ሰኞ ማለዳ መኪናዋ ላይ መውጣት ትፈልጋለች፤ ሌላ ምንም አትፈልግም።

«መጋቢት ላይ አርባ ሦስት ነበር» አለች። «ነሐሴ ላይ ሠላሳ አንድ። ዛሬ ሃያ ስድስት፣ በአንተ እጅ ሃያ አራት። እየወረደ ነው። ገና ሲደርስ ስንት ይሆናል?»

«እኔ ሒሳብ ላይ የለሁበትም።»

«ከሃያ ሁለቱ ሌላ የነከሰበት ሰው አለ?»

ጌለን በመስኮቱ ወደ ዒላማዎቹ አየ።

«ጌለን።»

«ኮርዴል ላይ ሁለቴ። ማርሎ ላይ አንዴ።»

«እነሱንስ አንጓችሁ ነው አልካቸው?»

«ጥይቱ ነው አልኳቸው» አለ፣ ዝግ ብሎ። «ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ሞክሩ አልኳቸው።»

ሎርና የሱን ሽጉጥ መልሳ አስቀመጠች። አልተናደደችም፤ ንዴትም ጉልበት ይፈልጋል። እስክሪብቶ አንስታ «መሣሪያው» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች። ከሥሩ ሃያ ስድስት፣ ሃያ አራት፣ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ አምስት ብላ ጻፈች። ማን ስንተኛውን እንደተኮሰም ጻፈች። የተኳሽ ፊርማ የሚለው ላይ ፈረመችና እስክሪብቶውን ሰጠችው።

«ሰኞ አንድም መኪና አይወጣም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ኮርዴል አራት ልጆች አሉት። ይረግሙሻል።»

«ይርገሙኝ።»

«የሠላሳ ቀኑን ነገርስ አስበሽዋል? እነሱ ወጣቶች ናቸው፤ የትም ይገባሉ። አንቺ ግን…»

«አስቤዋለሁ።»

«እኔንም ይጠይቁኛል። ከየካቲት ጀምሮ ምን ስታይ ነበር ይሉኛል።»

«ይሉሃል።»

ጌለን እስክሪብቶውን ይዞ ቅጹን አየው፤ አልፈረመም። ሎርና ከሥር ያለውን ቅጂ ገንጥላ አጠፈችና ኪሷ ከተተችው። ሽጉጧን ከጥይት አራግፋ መያዣ ሣጥኗ ውስጥ አስገባች።

«ካልፈረምክ ያልተፈረመውን ነው ዋናው ቢሮ የማስገባው» አለች።

«እስከ ሰኞ እንኳ ታገሺ። ቅዳሜና እሑድ ላስብበት።»

ጃኬቷን ከወንበሩ ላይ አነሳች። የተገለበጠ እጅጌዋን አስተካከለች። ከዚያ ሣጥኑን በብብቷ ይዛ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።