የትከሻ መርፌ

«እትዬ፣ እንዳይንቀሳቀሱ!»

ልብስ ሰፊዋ ግን ሳሉ። ትከሻቸው ሽቅብ ሲዘል፣ ወጣቷ ሐኪም በሁለት ጣቷ የያዘችው ቀጭን መርፌ ካሰበችው በላይ ጠልቆ ሲገባ ታወቃት። ወዲያው ነቀለችው። ደም የለም፤ ምልክትም የለም።

«ይቅርታ ልጄ፣ ጉሮሮዬን በልቶኝ ነው።»

«አመመዎት?»

«እኔን ነው መርፌ የሚያመኝ? አርባ ዓመት ጣቴን ስወጋው የኖርኩትን!»

አዳራሹ ቀድሞ የጫማ መሸጫ ነበር። አሁን ስድስት ተደጋፊ ወንበሮች ተደርድረውበታል። የቻይና መርፌ ሕክምና ሌላ ቦታ ዋጋው እሳት በሆነበት ከተማ፣ እዚህ ሰው የአቅሙን ከፍሎ ይታከማል። ደንበኞቹ ሐኪሟን «መርፌዋ» ይሏታል። መጀመሪያ ታኮርፍ ነበር፤ ኋላ ለመደችው።

ልብስ ሰፊዋ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለመሄድ ተነሡና የወንበሩን ጠርዝ ጨብጠው ቆሙ።

«እዚህ ጋ… ውግት አደረገኝ» አሉ ቀኝ ደረታቸውን ይዘው። ዓረፍተ ነገሩን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ አየር ሳቡ። ከንፈራቸው ገርጥቷል።

መርፌዋ ጠጋ ብላ ትንፋሻቸውን አዳመጠች። የሳንባ ጫፍ ከትከሻ ሥር እንደሚደርስ፣ ከሲታ ሰው ላይ ደግሞ ከቆዳው ብዙ እንደማይርቅ መምህሯ ስንቴ ነግረዋታል። ሴትዮዋ አጥንታቸው የሚቆጠር ነው።

ካርድ የሚያወጣው ታናሽ ወንድሟ ጠጋ አለ። «ጋዝ ይሆናል። ትንሽ ይረፉ።»

«ጋዝ አይደለም። ሳንባቸውን ሳልነካው አልቀረሁም።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!»

«ታክሲ ጥራ!»

«እሺ፣ እነዚህስ? አራት ሰው መርፌ ላይ ነው ያለው።»

ከወንበር ወንበር እየተሻገረች መርፌዎቹን ነቀለች። ግንባሩ ላይ ሦስት መርፌ ተተክሎበት ያንኮራፋ የነበረው የባንክ ጥበቃ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ምነው፣ ገና አሁን እኮ ነው የተኛሁት።»

«ለዛሬ በቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ታክሲው ውስጥ ልብስ ሰፊዋ እጇን አጥብቀው ያዙ።

«ስሚኝ… ሐኪሞቹ ከጠየቁ… ወድቄ ነው እላለሁ።»

«እትዬ፣ አይናገሩ። ትንፋሽዎን ይቆጥቡ።»

«ይዘጉብሻል። እኔስ የት እሄዳለሁ? መቀሱን አልጨብጥ ብሎኝ የነበረ እጅ… ባንቺ ነው የተመለሰው።»

መርፌዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የመዋሸቱ አሳብ በእሷም ውስጥ ብልጭ ብሎ ነበር፤ ያፈረችውም በዚያ ነው። ቀይ መብራት ያዛቸው። ከጎኗ ያለው ትንፋሽ እያጠረ፣ እየፈጠነ ሄደ። ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸውና መብራቱ ሳይለቅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ተረኛው ሐኪም ማዳመጫውን ከግራ ወደ ቀኝ አዟዙሮ ፊቱን ቋጠረ።

«በቀኝ በኩል አየር አይገባም። ምን ሆነው ነው?»

«ደረጃ ላይ… አዳልጦኝ…»

«ጭንቅላትዎን መትቶዎታል? ጎንዎን?» እየጠየቀ ይጽፋል። «የአንገትና የጎድን ራጅ እናስነሣለን።»

ልብስ ሰፊዋ ከአልጋው ላይ ሆነው መርፌዋን ትኩር ብለው አዩዋት። ዝም በይ ነው የሚሉት።

«አልወደቁም» አለች። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። «እኔ ነኝ። የመርፌ ሕክምና እሰጣለሁ። ቀኝ ትከሻቸው ላይ ስተክል ሳሉና ጠልቆ ገባ። አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው።»

የሐኪሙ እስክሪብቶ ቆመ። ለአፍታ አያትና ነርሷን ጠራ። «ሌላውን ተዪው። ኦክስጅን፣ የደረት ራጅ አሁኑኑ፣ የደረት ቱቦም አዘጋጂ።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ። የምትሠሪበትንም ቦታ።»

ነገረችው። የሥራ ፈቃዷን ቁጥር ሳይጠይቃት ጨመረችለት።

ቱቦው ገብቶ ደረታቸው ውስጥ የታመቀው አየር ከወጣ በኋላ የልብስ ሰፊዋ ከንፈር ቀላ፤ ትንፋሻቸው ረዘመ። «ጅል!» አሏት መጀመሪያ። ጥቂት ቆይተው ግን እጃቸውን ዘረጉላት።

ኮሪደሩ ላይ ስልኳ ጠራ። ወንድሟ ነው።

«ተረፉ?»

«ተርፈዋል።»

በረጅሙ ተነፈሰ። «እሰይ! እንግዲህ የከሰዓቶቹ መጥተዋል፣ በር ላይ ናቸው። ይጠብቁሽ?»

«አይ። ቤቱን ዝጋና ወረቀት ለጥፍበት።»

«ምን ብዬ? ታማለች ልበል?»

«የሆነውን ጻፍ» አለችው።

ስልኩ ውስጥ የመሳቢያ መከፈት ተሰማት፤ እስክሪብቶ እየፈለገ ነበር።

«በይ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አላት።