ባንኮክ ውስጥ በረዶ

ሱራፌል ስህተቱን ያወቀው ሰኞ ጠዋት ነው፤ ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን፣ በሚሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን ከመደርደሪያ ሲያወርድ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ባንኮክ መቼ በረዶ ጥሎ ያውቃል?» አለ ለራሱ።

ካርቶኑን መልሶ አስቀመጠና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ትናንት ለያኔት የላከው ድምፅ እዚያው አለ፤ አርባ አንድ ደቂቃ። ከጎኑ ያሉት ሁለት ምልክቶች ሰማያዊ ሆነዋል። ሰምታዋለች። አሁን ከስልኩ ቢያጠፋው ከጆሮዋ አይጠፋም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ?

ነገሩ የተጀመረው ከሩቅ ነው። ሱራፌል ያደገው አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ከአንድ ቪዲዮ ቤት ጀርባ ነው። በዚያ ቪዲዮ ቤት የህንዱንም የቻይናውንም ፊልም አንድ ሰው ብቻውን በአማርኛ ይተርከው ነበር። ወንዱም እሱ፣ ሴቷም እሱ፣ የምታለቅሰው እናትም እሱ፣ ካስፈለገ ፈረሱም እሱ። ቋንቋውን ይወቀው አይወቀው የሚጠይቅ አልነበረም። ሱራፌል ከግድግዳው ወዲህ ተጋድሞ፣ ምስሉን ሳያይ ድምፁን ብቻ እየሰማ፣ የጎደለውን በሐሳቡ እየሞላ ነው ያደገው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ አገር ለአገር ተንከራትቶ ስዊዘርላንድ የስደተኞች ካምፕ ሲገባ በእጁ የነበረው ሙያ ቢኖር ይኸው ነው።

ያኔትን ያገኛት እዚያው ካምፕ ውስጥ ነው። ኢንተርኔቱ የሚይዘው ከደረጃው ስር ብቻ ስለነበር ሁለቱም እዚያ ይኮለኮላሉ። እሷ የውጭ ድራማ ትወዳለች፤ ከስር በእንግሊዝኛ የሚጻፈውን ግን ማንበብ አትችልም። «ፊደሉ ይሮጥብኛል፣ አጥፋው» ትለው ነበር። እሱ አንዱን ማዳመጫ በጆሮው፣ ሌላውን በጆሮዋ አድርጎ በሹክሹክታ ይተረጉምላታል። ውጭ በረዶ ይጥላል። ጣቷን ሲበርዳት እጇን እሱ ጃኬት ኪስ ውስጥ ትከተዋለች፤ የራሷ ኪስ ይመስል፣ ሳታስበው። እሱ ግን አሰበው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ነገር አላሰበም ቢባልም ማጋነን አይሆንም።

በአምስተኛው ወር መንግሥት አከፋፈላቸው። ለሱ ዙሪክ ደረሰው፣ ለሷ ጄኔቫ። እሱ ጀርመንኛ፣ እሷ ፈረንሳይኛ ጀመሩ። ትርጉሙ ግን አልተቋረጠም። ሱራፌል ፊልሙን እያየ ድምፁን ይቀዳና እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይልክላታል። «ሦስት ስል ተጫኚ» ብሎ ይጀምራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እሷ ቴሌቪዥኑን ትጫናለች፣ ምስሉ እዚያ ይሄዳል፣ ድምፁ በጆሮዋ ይሄዳል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። መጋዘን ውስጥ የሚያናግረው ዕቃ የሚመዘግብበትን ስካነር ነው፣ ስካነሩም «ጢጥ» ብቻ ነው የሚለው። ከእሁድ እስከ እሁድ የያኔት መልስ ባይኖር ኖሮ አማርኛውን ራሱ የሚረሳ ይመስለው ነበር።

ከዚያ ይኸ የታይላንድ ድራማ መጣ። አሥራ ስድስት ክፍል ነው። ቶን የሚባል ልጅ አለ፣ ፒም የምትባል ጓደኛው አለች። ቶን ይወዳታል። አይነግራትም። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይይዝላታል፣ ፀሐይ ሲመጣ ጃንጥላ ይይዝላታል። አሥራ ስድስት ክፍል ሙሉ ጃንጥላ ነው። ሱራፌል እስከ ሦስተኛው ታገሠ። በሦስተኛው ላይ ቶን «ተጠንቀቂ» ሲላት እሱ «ተጠንቀቂ፤ አንቺ ከሌለሽ እኔ ማን አለኝ?» ብሎ ተረጎመው። ማን ያውቃል? ያኔት እንግሊዝኛውን አታነብ፣ ታይኛ አትሰማ። በየክፍሉ አንድ ሁለት ቃል እያለ ጨመረ። ቃሉ ዓረፍተ ነገር፣ ዓረፍተ ነገሩ ንግግር ሆነ።

የመጨረሻው ክፍል ሲመጣ ግን አበደ። ቶን ወንዙ ዳር፣ ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ቆሞ አፉን ሊከፍት ሲል ፒም ትቀድመዋለች። የሆነ ነገር ትለዋለች። እሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ የተጠበሰ ሙዝ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አለቀ። «ይኸ ምኑ መጨረሻ ነው?» ብሎ ሱራፌል ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረው። ሁለት ቀን አሰበና ፒም የምትለውን ሙሉ በሙሉ ትቶ የራሱን ቀዳ። ቶን በሱራፌል አፍ «ከደረጃው ስር ሆነን፣ ውጭ በረዶ ሲጥል፣ እጅሽን ኪሴ ውስጥ ከከተትሽበት ቀን ጀምሮ እወድሻለሁ» አለ። ፒምም በሱራፌል አፍ፣ ድምፁን ቀጠን አድርጎ፣ «እኔም» አለች። በደስታ ብዛት ደግሞ ሳያዳምጠው ላከው።

ሰኞ ማታ ያኔት ጻፈችለት። «ቅዳሜ ና እንጂ። የመጨረሻውን አብረን እንየው።» ሌላ ምንም የለም፤ የሳቅ ምልክት እንኳ የለም። ሁልጊዜ ሦስት የሳቅ ምልክት ነበር የምትልከው።

ታምሜአለሁ ሊላት ፈለገ። ሥራ አለኝ ሊላት ፈለገ። ጽፎ አጠፋ፣ ጽፎ አጠፋ። በአራተኛው ሰዓት «እሺ» አለ።

ከዙሪክ ጄኔቫ በባቡር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የሚጎድለው መንገድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሱራፌል በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ መስታወቱ ላይ ከራሱ ዓይን በቀር ምንም አላየም። ትኬት ተቆጣጣሪው ሲመጣ ትኬቱን በእጁ ይዞ ላብ አጠመቀው። ሰውዬው አመስግኖ ካለፈ በኋላም ትኬቱን እንደዘረጋ ቀረ። የሚፈራው ስድብ አልነበረም፤ ያኔት አትሳደብም። የሚፈራው ትህትናዋን ነበር። «ሱሬ፣ አትቸገር፣ ከእንግዲህ እኔ እራሴ አየዋለሁ» ብትለውስ? እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰኞም ስካነሩ «ጢጥ» ይላል። ሎዛን ሊደርሱ ሲሉ ባቡሩ ከዋሻው ወጣና የጄኔቫ ሀይቅ ከታች ብልጭ አለ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ቀና ሲል እሱ ጫማውን አየ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ጄኔቫ ውስጥ ያኔት የምትኖርበት «ለ ሊኞን» ያ አንዱ ሕንፃ ተጣጥፎ ተጣጥፎ የማያልቀው ሰፈር ነው። በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሱራፌል ሁለቴ ተሳስቶ የማያውቀው ሰው ደጅ ቆመ። ሦስተኛው ላይ ያኔት ከፈተችለት። ፀጉሯን አሳጥራለች። ጉንጩን ሳመችው፤ ሦስት ጊዜ፣ እንደ ወትሮዋ። እሱ ግን ከመሳሟ ምልክት ሊያነብ ሞክሮ ምንም አላገኘም።

ቤቱ የእትዬ ጸሐይነሽ ነው፤ ያኔት አንዱን ክፍል ተከራይታ ነው ያለችው። እትዬ ከድሮ ጀምሮ ጄኔቫ የኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ሱራፌልን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይኸ ነው እንዴ? በድምፅህ ግዙፍ ሰው መስለኸኝ ነበር።»

«እንደምን አሉ፣ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጫማህን እዚያው አውልቅ፤ ምንጣፉ እንደኔ ጡረታ ወጥቷል፣ አትጨክንበት።» ካፖርታቸውን እየለበሱ ቀጠሉ። «እኔ የምልህ፣ አንዳንዴ ይቺ ልጅ ድምፅህን ከፍ አድርጋ ስትለቀው እኔም አያለሁ። ያ ታይላንዳዊ አፉን ግጥም አድርጎ ዘግቶ አንተ ታወራለታለህ። በምኑ ነው የሚናገረው፣ በአፍንጫው?»

የሱራፌል ጆሮ ጋለ። ያኔት ሳቅ ብላ ወደ ወጥ ቤት ዞረች። «ይተዉት እትዬ። ትርጉም እንዲያ ነው።»

«እንዲያ ከሆነስ እኔም ሐኪሜን ልተርጉመው። ቅቤ ይብሉ፣ ጨው ይጨምሩ ይለኛል።» ቦርሳቸውን አነሱ። «ማኅበር አለብኝ። እናንተ ተጫወቱ።»

ባይሄዱ ብሎ ተመኘ። ከዚያ በፊት ከማያውቃቸው ሴት ጋር ዘመድ ሆኖ፣ ቦርሳቸውን ይዞ ማኅበሩ ድረስ ቢሸኛቸው በወደደ። በሩ ተዘጋ።

ያኔት ከሶፋው ወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠችና ሪሞቱን አነሳች። አሥራ ስድስተኛው ክፍል ተከፈተ። ወንዙ መጣ፣ ጀልባዎቹ መጡ። ከስር ደግሞ ነጭ ጽሑፍ መጣ። ፈረንሳይኛ ነው።

ያኔት ቴሌቪዥን ላይ ጽሑፍ ኖሮ አያውቅም። ፊደሉ ይሮጥባታል። «አጥፋው» ነበር የምትለው።

«ቆይ፣ ላንተ እንግሊዝኛውን ላድርግልህ» አለች፣ ዝም ብላ፣ መጋረጃ እንደምትስብ ሰው። ቀየረችው። «በል ተርጉምልኝ።»

«አሁን? እዚሁ?»

«ካምፕ እያለን እዚሁ አልነበር?»

ጀመረ። ድምፁ ከስልክ ውስጥ እንደሚወጣው አልሆነም፤ ተሰነጣጠቀ። የፒም እናት ስትናገር ተረጎመ፣ የጀልባው ቀዛፊ ስለ ዝናቡ ሲያማርር ተረጎመ። እየተረጎመ ደቂቃውን ያያል። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሦስት። መሳፈሪያው በሠላሳ ስድስተኛው ነው። ሰው ወደ ገደል የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ራሱ ቢነዳው እንዲህ ነው። የራሱን ድርሰት ልድገመው ወይስ የተጻፈውን? ቢደግመው፣ ጽሑፉን አንብባዋለች። ባይደግመው፣ ለምን ባለፈው እሁድ እንዲያ አልክ ትለዋለች።

ቶን መሳፈሪያው ላይ ቆመ። አፉን ሊከፍት ሲል ፒም ቀደመችው። ጽሑፉ ወጣ።

«ልትለኝ የመጣኸውን አውቀዋለሁ» አለ ሱራፌል። ከዚያ ቆመ።

ያኔት ፊልሙን አቆመችው። ፒም አፏን ከፍታ ቀረች።

«ምነው?»

«ጉሮሮዬን ትንሽ...»

«ውሃ ላምጣ?»

«አይ።»

«እንግዲያው ቀጥል።» ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፣ ወደሱ አልዞረችም። «ምንም ሳትጨምር።»

ተጫነችው። ሱራፌል አነበበ፤ ከማንበብ ሌላ መሄጃ አልነበረውም።

«አትንገረኝ» አለ በፒም ቦታ ሆኖ። ድምፁን ማቅጠን ረሳ። «ከነገርከኝ መልስ ትጠብቃለህ። መልሴ ደግሞ አንተ የምትፈልገው አይደለም። ካንተ ሌላ ጓደኛ የለኝም። ይኸ እንዳይሄድብኝ ነው የምፈራው።»

ቶን ራሱን ነቀነቀ። ሙዙን ገዛ። ሄደ። ዘፈኑ መጣ፣ የሠራተኞቹ ስም በማያውቁት ፊደል ወደ ላይ ይፈስ ጀመር። ሁለቱም እስኪያልቅ ድረስ ስሙን የሚያነቡ ይመስል አዩት።

«መጥፎ መጨረሻ ነው» አለች ያኔት በመጨረሻ። «ያንተው ይሻላል። ግን እዚያ ውስጥ 'እኔም' ያለችው ልጅ እኔ አይደለሁም፣ ሱሬ። ብሆን ደስ ባለኝ። ፈልጌ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ውስጤን ፈለግሁ።»

ሱራፌል ራሱን ነቀነቀ። ቶን የነቀነቀው ዓይነት መሆኑ ገብቶት አፈረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታነቢው?»

«ከአራተኛው ክፍል።» ያኔት በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው። «የሽማግሌዎቹ ስም ልብሳቸው ላይ ተሰፍቷል። ያንን እያነበብኩ ነው ለየባለቤቱ የማደርሰው። ሲውል ሲያድር ፊደሉ መሮጡን ተወ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማንበብ ቻልኩ ብልህ ትተወኝ ነበራ። ከዚያ እሁድ ማንን እሰማለሁ?» አሁን ገና ዞራ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ያለውን አወቀው፤ ጠዋት ባቡር መስኮት ላይ ያየው የራሱ ዓይን ነው። «እኔም እንዳንተ ፈርቼ ነበር። ግን በረዶውን ስሰማ ከዚህ በላይ ዝም ማለት ነውር ሆነብኝ። ባንኮክ እኮ ነው፣ ሱሬ።»

ሳይፈልግ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሸኘችው። ከሰፈሩ በታች ካለው ወንዝ ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል። ያኔት እጆቿን በገዛ እጅጌዎቿ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሱራፌል አየ። የጃኬቱን ኪስ ዚፕ፣ እንዳትሰማው ቀስ አድርጎ፣ ዘጋው። አውቶቡሱ ሲመጣ «ነገ እሁድ ነው» አለች። ጥያቄ ይሁን ምን ይሁን አልገባውም። በሩ ተዘጋ።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የሚልከው ነገር የለውም። ምን ብሎ፣ በየትኛው አፉ? ዘጠኝ ከሩብ ሆነ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ከታች የዲቲኮን ባቡር መጥቶ ሄደ። በቃ፣ የፈራሁት እንዲህ ነው የሚመስለው ለካ አለ፤ ጩኸት የለውም፣ እንዲሁ ሰዓቱ ያልፋል።

ለአሥር ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል ስልኩ ጮኸ። ድምፅ ነው። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። ከያኔት።

ለመክፈት ጣቱ እንቢ አለው። ከዚያ ከፈተው።

«ሌላ የታይላንድ ድራማ ጀምሬአለሁ፤ ስሙን ጽፌልሃለሁ» አለች በጆሮው ውስጥ፣ እንደ ተማሪ እየተንተባተበች። «እኔ ከፈረንሳይኛው እተረጉማለሁ፣ አንተ ዛሬ ስማ ብቻ። ሦስት ስል ተጫን። አንድ። ሁለት። ሦስት።»

ተጫነ። ሁለት ጓደኛሞች በገበያ መካከል ይሄዳሉ። ከስር እንግሊዝኛው ይሮጣል። ሊያጠፋው ይችል ነበር፤ አላጠፋውም። እያንዳንዱን መስመር ከድምፅዋ ጋር እያስተያየ አነበበ፣ አንድ ቃል ትጨምር ይሆን እያለ፣ ደግሞ እንዳትጨምር እየፈራ። ልጅቷ ልጁን «ተጠንቀቅ» አለችው። ሱራፌል ማዳመጫውን ወደ ጆሮው ገፋ።

«ተጠንቀቅ» አለች ያኔት። እዚያው ላይም ቆመች።

እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አልጨመረችም። አንዲትም አልቀነሰችም።