ተቀባይ ያጣ ዜማ

ፀደንያ ባሕር ዳር ከመጣች ወዲህ ፒያኖዋን የሰማ ሰው የለም። ፒያኖ ማለት ኪቦርድ ነው፤ ከአዳማ ስትመጣ በጋቢ ጠቅልላ ያመጣችው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ስትመለስ የጆሮ ማዳመጫዋን ትሰካና ፀሐይ እስክትጠልቅ ትለማመዳለች። ለእሷ ዜማ ነው። ለአከራይዋ ለእትዬ ውዴ ግን የፕላስቲክ ቋ ቋ ብቻ ነው የሚሰማቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ጠረጴዛውን ልትደበድቢው ነው?» ይላሉ በረንዳው ላይ ሆነው። «ምን በድሎሽ ነው?»

«እየተለማመድኩ ነው፣ እትዬ።»

«ለማን?»

ፀደንያ ማዳመጫዋን መልሳ ሰካች።

በቴሌግራም ግን አንድ ቡድን ነበራት። አባላቱ ክላሲካል ፒያኖ ያለ አስተማሪ የሚማሩ፣ ከየከተማው የተሰባሰቡ ሰዎች ናቸው። አንዱ የተጫወተውን ቀድቶ ይልካል፤ ሌሎቹ አስተያየት ይሰጣሉ። አስተያየቱ አብዛኛውን ጊዜ «በርቺ»፣ «ገደልሽው» እና የእሳት ምልክት ነው። ፀደንያ የመጀመሪያ ቅጂዋን የላከች ዕለት ያ ሁሉ እሳት ሲነድላት ደስ አላት። ኋላ ግን ቅጂው ተሰምቶ ሊያልቅ በማይችልበት ጊዜ ውስጥ «ገደልሽው» ያሏት እንዳሉ አስተዋለችና ደስታዋ ቀዘቀዘ።

በማግስቱ የመለሰ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ዓምደ ሚካኤል ይባላል፤ ከሐይቁ ማዶ፣ ደልጊ የሚኖር የሒሳብ መምህር ነው።

«ደግሜ ሰማሁት» ብሎ ጻፈ። «ከባዱ ቦታ ሲቃረብ ትሮጫለሽ። በሩን ከፍቶ የሚገባብሽ ሰው ያለ ይመስል።»

ቅጂዋን ከፍታ ያን ቦታ ደግማ ሰማችው። እንዲህ አድርጎ የሰማት ሰው አልነበረም።

«እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ አመሰግናለሁ።»

«እርስዎ? ኧረ ገና ሠላሳ አልሞላኝም! አባቴን መሰልሁሽ እንዴ?»

አባቱ የደብር መሪጌታ መሆናቸውን፣ እሱም በልጅነቱ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ቆሞ ማደጉን የነገራት ያን ጊዜ ነው። «ኪቦርዱን ሲሰሙ ‹ይኼ የሚያቃስት ሣጥንህ ዛሬም አልተሻለውም?› ይሉኛል» አላት። ፀደንያ ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ወዲያ፣ ለማን እንደምትለማመድ ታውቅ ነበር።

አንድ ቀን ዓምደ ሚካኤል የራሱን ላከ። ቀስ ያለች፣ ለጀማሪ የምትሰጥ ቁራጭ ናት። ቅጂው ከበስተኋላው ዶሮና የልጆች ጨዋታ ይዞ ይመጣል። ፀደንያ እሱ እንዳደረገላት ልታደርግለት ፈለገች፤ ደጋግማ ሰማችው። የፋብሪካ ሥራዋ ጥራት ቁጥጥር ነው። ጨርቁ በመብራቱ ላይ ሲያልፍ የተዘለለ ክር ካለ ዓይኗ ወዲያው ያርፍበታል። እዚህም ጆሮዋ ወዲያው አረፈበት። ዓምደ ሚካኤል እያንዳንዱን ሐረግ ሲጨርስ የመጨረሻዋን ድምፅ ይስባል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ምቱ ያልፈዋል። እሱ ግን ገና ቆሞ ነው።

«በየሐረጉ መጨረሻ ትቆማለህ» ብላ ጻፈች፣ አጥፍታ እያስተካከለች። «እዚያ ላይ ምቱ ይሰበራል። ምት በሚቆጥረው በሜትሮኖም ብትለማመድ ይስተካከላል።»

«እሺ፤ አርማለሁ» አለ።

አረመም። ቀጥሎ የላከው ቅጂ እንደ ሰዓት ቆጣሪ የሄደ ነበር። ቡድኑ «አሁን ገና!» አለ፤ እሳቱ ነደደ። እሷም «በጣም ተስተካክሏል» ብላ ጻፈች። ከጻፈች በኋላ ግን አንድ ነገር የጎደለ መሰላት፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችውም።

ከዚያ በኋላ ዓምደ ሚካኤል ምንም አልላከም። የሷንም መስማቱን ተወ። አዲስ ቅጂ ስትልክ «በርቺ» ከሚሉት መካከል ስሙን ትፈልጋለች፤ የለም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል አለች፤ ፈተና እያረመ ይሆናል አለች። ክረምቱ ገባ። ሐይቁ ደፈረሰ። «ምነው ጠፋህ?» ብሎ መጻፍ ቀላል ነበር፤ እሷ ግን እየጻፈች ታጠፋዋለች።

በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ውዴ ነጠላቸውን አጣፍተው በሯን አንኳኩ። «ዛሬ ዋዜማ ነው። ሁልጊዜ ከጠረጴዛ ጋር ከምትጣዪ ተነሺና አብረን እንሂድ።»

ሄደች። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው በግራና በቀኝ ትይዩ ቆመዋል። የቀኙ ወገን ዜማውን አነሣ፣ ሳበው፣ መጨረሻው ላይ አሳርፎ ዝም አለ። ጸጥ አለ። የግራው ወገን ከዚያ ጸጥታ ውስጥ ተቀበለው።

«እነዚህኞቹ ለምን ዝም አሉ?» አለች በሹክሹክታ።

«እነዚያ ሊቀበሉ ነዋ!» አሉ እትዬ ውዴ፣ እንደ ሕፃን አይተዋት። «ብቻቸውን ሊጨርሱት ኖሯል እንዴ?»

ፀደንያ የቀረውን አልሰማችም። ዶሮውንና የልጆቹን ጨዋታ ነበር የምትሰማው፣ ከዚያ መካከል ደግሞ ደልጊ ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው። ሐረጉን ሲጨርስ ተቀባይ ይጠብቅ ነበር። ከልጅነቱ የለመደው እንደዚያ ነው። እሷ ግን የተዘለለ ክር መስሏት ነበር።

ቤት እንደገባች የጆሮ ማዳመጫውን ነቀለች። የመጀመሪያ ቅጂውን በስልኳ ከፈተች፤ እሱ ሐረጉን ጨርሶ ሲቆም፣ እዚያ ዝምታ ላይ መልስ የሚሆን አጭር ዜማ ከራሷ አምጥታ በኪቦርዱ ተጫወተች። ዝምታው ልክ ነበር። በየቦታው ልክ ነበር። ቀድታ ለብቻው ላከችለት። «ስህተት አልነበረም። እኔ ነኝ ያልሰማሁህ» ብላ ጨመረች።

መልሱ ከቀናት በኋላ በድምፅ መጣ። ድምፁን ሰምታው አታውቅም ነበር፤ ካሰበችው ይልቅ ቀጭን ነው።

«ፀደንያ፣ ሰማሁት። ለአባቴም አሰማሁት። ‹ይህችኛዋ ትቀበላለች› አሉ።» ትንሽ ቆየ፤ እዚህም ላይ እንደዚያው ይቆማል። «ኪቦርዱን ግን ለወጣት ማዕከሉ ሰጠሁት። ተቀይሜሽ አይደለም፣ እንዳይመስልሽ። በሜትሮኖሙ ከተጫወትሁ ወዲያ እጄ የቀድሞውን እምቢ አለኝ፤ አዲሱንም አልወደድሁት። አንቺ ግን ቀጥዪ።» ከዚያ ሳቅ አለ። «ደግሞ መጨረሻው ላይ አሁንም ሮጠሻል።»

ሌላ መልእክት አልነበረም።

ፀደንያ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠች። ማዳመጫውን አልሰካችም። የሱን ቁራጭ ጀመረች፣ የመጀመሪያውን ሐረግ ሳትሮጥ ተጫወተች፣ የመጨረሻዋን ድምፅ ሳበችና እጇን አነሣች።

በረንዳው ላይ ወንበር ተንቋቋ።

«አለቀ እንዴ?» አሉ እትዬ ውዴ።

«አላለቀም፣ እትዬ» አለች፤ ጣቶቿን ከኪቦርዱ በላይ እንደያዘች ቆየች።